አይሮፕላን በመሣሪያ ተመርቶ ሲያርፍ



የዛሬው ንግግራችን ስለ አይሮፕላን ነው። ነገሩ በሰማይ የሚደረግ ቢመስልም ፍሬው ግን በየመሥሪያ ቤታችን ከምንውልበት ሥራ የራቀ አይደለም። አይሮፕላን በደመናና በጭጋግ ውስጥ በመሣሪያ እየተመራ ወደ መሬት በሚወርድበት ሰዓት መሪው መሣሪያ ቢሳሳት ምን ይሆናል? ስሕተቱንስ የሚያርመው ማን ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን በሦስት ልዩ ልዩ አገሮች የደረሰውን እንመለከታለን፤ በመጨረሻም እኛን ራሳችንን ስለ ነካው ኀዘን ጥቂት እንናገራለን።

ከናንተ መካከል ለመንግሥት ሥራም ሆነ ለግል ጉዳይ በአይሮፕላን የተሳፈራችሁ ብዙዎች ናችሁ። በመስኮቱ ስትመለከቱ ከነጭ ደመና በቀር ምንም የማይታይበት፣ የክንፉ ጫፍ እንኳ በጉም የሚሸፈንበት ጊዜ አለ። ከዚያም ደመናው ድንገት ይገለጥና የከተማው ቤትና መንገድ ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ጥቂት ቈይቶም ጎማው መሬት ይነካል። ተሳፋሪው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ቀበቶውን ይፈታል። ይሁን እንጂ ያልታየው መንገድ እንዴት ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አውቶ ፓይለት የሚባለው መሣሪያ የትናንት ፍጥረት አይደለም። ሰኔ 11 ቀን 1906 ዓ. ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1914) ላውረንስ ስፔሪ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በፓሪስ አጠገብ በሴን ወንዝ ላይ ሲበር በተመልካች ፊት ሁለት እጆቹን ከመሪው አንሥቶ አሳየ። ረዳቱም በክንፉ ላይ ወጥቶ ቆመ። አይሮፕላኑ ግን አላዘነበለም፤ እንደ እንዝርት እየሾረ አቋሙን የማይለቅ ጂሮስኮፕ የተባለ መሣሪያ ሚዛኑን ይጠብቅለት ነበርና። ከዚያ ወዲህ 51 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሰኔ 3 ቀን 1957 ዓ. ም. (በ1965)፣ ትራይደንት የተባለ የእንግሊዞች አይሮፕላን ተሳፋሪዎችን ከፓሪስ ወደ ለንደን ይዞ ሲመጣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን የመጨረሻውን ደረጃ በመሣሪያ ኃይል ፈጸመ። ይህም ከፋይ ተሳፋሪዎችን በጫነ አይሮፕላን ላይ በዓለም የመጀመሪያው ሆነ።

አሁን ደግሞ ይህ ዓይነቱ አስተራረፍ በምን ዘዴ እንደሚከናወን በአጭሩ እንመልከት። በመንደርደሪያው አጠገብ ሁለት የሬዲዮ ማሰራጫዎች ይተከላሉ። አንደኛው ከመንደርደሪያው ማዶ ጫፍ ቆሞ የሜዳውን መሐል መሥመር ያመለክታል፤ አይሮፕላኑ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንዳይስት የሚጠብቀው እርሱ ነው። ሁለተኛው አይሮፕላኑ መሬት ከሚነካበት ስፍራ ጐን ተተክሎ የቁልቁለቱን መሥመር ያሳያል። ይህ ቁልቁለት አብዛኛውን ጊዜ 3 ዲግሪ ነው፤ ይኸውም አይሮፕላኑ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 52 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው። ከያንዳንዱ ማሰራጫ የሚመጣው ሞገድ ሁለት ድምፆችን ተሸክሟል። አይሮፕላኑ ከመሥመሩ ወደ አንዱ ወገን ሲያዘነብል አንዱ ድምፅ ይበረታል፤ በትክክለኛው መሥመር ላይ ሲሆን ግን ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። በአብራሪው ፊት ያለችው መርፌም ያን ጊዜ መካከል ላይ ትቆማለች። አውቶ ፓይለቱ ይህችን መርፌ በመካከል ለማቆየት ሳይታክት አይሮፕላኑን ያዝዛል።

እንግዲህ መሣሪያው መንደርደሪያውን አያየውም፤ የሚያየው መርፌዋን ብቻ ነው። መርፌዋ እውነቱን ስትናገር ከሰው እጅ ይልቅ በረቀቀ ሁኔታ ይመራል። መርፌዋ ስትሳሳት ግን በዚያው ትጋትና በዚያው ጥንቃቄ ወደ ስሕተቱ ይመራል። የምንነጋገርበት ጉዳይ ሁሉ በዚህች ነጥብ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌያችን የሚገኘው በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው በሳሞአ ደሴት ነው። በሐምሌ ወር 1992 ዓ. ም. (በ2000) የኒውዚላንድ አየር መንገድ ንብረት የሆነ ቦይንግ 767 አይሮፕላን 176 ሰዎችን ይዞ በሌሊት ወደ አፒያ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርድ ነበር። በማረፊያው የቁልቁለቱን መሥመር የሚያሳየው ማሰራጫ ተበላሽቶ ነበር፤ ብልሽቱን ለመቈጣጠሪያው ክፍል የሚያስታውቀው ገመድም በቍፋሮ ሥራ ምክንያት ተቈርጦ ነበር። ማሰራጫው ጨርሶ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ በአይሮፕላኑ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ምልክት በታየ ነበር። ነገር ግን ዋናውን ሞገድ ይልካል፤ ከፍታን የሚለዩትን ድምፆች ግን በትክክል አይልክም። በዚህ ምክንያት አይሮፕላኑ ከፍ ቢልም፣ ዝቅ ቢልም ልዩነት ስለማይሰማ መርፌዋ ሁልጊዜ መካከል ላይ ቆመች። «በትክክለኛው መንገድ ላይ ነህ» የምትል መሰለች እንጂ፣ የምትናገረው ነገር አልነበራትም። ዝምታ እንደ ስምምነት ተቈጠረ ማለት ነው።

አውቶ ፓይለቱም አይሮፕላኑን ይዞ ወረደ። በመሣሪያዎቹ ላይ ቀይ መብራት አልበራም፤ ደወልም አልተደወለም። ይሁን እንጂ በአብራሪዎቹ ክፍል ያሉት ሰዎች የማረፊያው መብራቶች መሆን በሚገባቸው ስፍራ አለመሆናቸውን አስተዋሉ፤ ከማረፊያው ያላቸውን ርቀትም ከከፍታቸው ጋር አስተያዩ። ሁለቱ አልተስማሙም። ከመንደርደሪያው ገና 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ሊኖራቸው ሲገባ፣ ከባሕሩ በላይ ከ120 ሜትር ባነሰ ከፍታ ላይ ነበሩ። ወዲያውኑ ማረፉን ትተው ሽቅብ ተነሡ፤ ሁሉም ዳኑ። ያዳናቸው ማንኛውም ተማሪ ሊሠራው የሚችል አንድ ቀላል የማባዛት ሒሳብ ነው፤ ይኸውም ርቀትን በ52 ሜትር ማባዛት። ሒሳቡ ግን በሰዓቱ ካልተሠራ ማወቁ ብቻ አይጠቅምም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጀርመን አገር ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2004 ዓ. ም. (በ2011) የሲንጋፖር አየር መንገድ ቦይንግ 777 አይሮፕላን በሙኒክ በአውቶ ፓይለት ሲያርፍ፣ ከፊቱ በዚያው መንደርደሪያ ሌላ ትንሽ አይሮፕላን ተነሣ። የሚነሣው አይሮፕላን በማዶ ጫፍ ባለው ማሰራጫ አጠገብ ሲያልፍ ግዙፍ የብረት አካሉ ሞገዱን አወከው። ለጥቂት ሴኮንዶች የመሐሉ መሥመር ጠመመ፤ አውቶ ፓይለቱም ጠማማውን መሥመር እንደ ቀና ቈጥሮ ተከተለ። ትልቁ አይሮፕላን ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ከመንደርደሪያው በስተ ግራ ወደ ሣሩ ወጣ፤ ከዚያም ሜዳውን አቋርጦ በስተ ቀኝ ባለው ሣር ላይ ቆመ። የተጐዳ ሰው አልነበረም።

ጭጋግ በበረታ ጊዜ የሙኒክም ሆነ የሌላ ትልቅ ማረፊያ ሠራተኞች ለማሰራጫዎቹ ልዩ ጥበቃ ያደርጋሉ፤ አንዱ እስኪያርፍ ሌላው ከዚያ አካባቢ ይገለላል። በዚያ ቀን የአየሩ ሁኔታ ይህን ጥበቃ የሚያስገድድ አልነበረም፤ አብራሪዎቹም በአውቶ ፓይለት ለማረፍ መወሰናቸውን ለመቈጣጠሪያው ማማ አላስታወቁም። ማማው የራሱን ሥራ በደንቡ ይሠራ ነበር፤ አብራሪዎቹም የራሳቸውን። የጐደለው በሁለቱ መካከል ሊነገር የሚገባው አንድ ቃል ነበር። በሁለት ዋና ክፍሎች መካከል ያልተጻፈች አንዲት ደብዳቤ ምን ዓይነት መዘዝ እንደምታመጣ ለመንግሥት ሠራተኛ መንገር አያስፈልግም።

ሦስተኛው ምሳሌ ግን እንደ ሁለቱ በሰላም አልተፈጸመም። የካቲት 18 ቀን 2001 ዓ. ም. (በ2009) ጧት የቱርክ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አይሮፕላን 135 ሰዎችን ይዞ ከኢስታንቡል ወደ አምስተርዳም ሄደ። በአብራሪዎቹ ክፍል ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አስተማሪ የሆነው ካፒቴን፣ በመስመሩ ላይ ልምምድ የሚያደርገው ረዳት አብራሪ፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚመለከት ሦስተኛ አብራሪ።

ይህ ዓይነቱ አይሮፕላን ወደ መሬት ሞገድ ልኮ በመመለሻው ጊዜ ከፍታውን የሚያሰላ ሁለት የሬዲዮ ከፍታ መለኪያዎች አሉት፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። የዚያን ቀን የግራው መለኪያ ተበላሽቶ አይሮፕላኑ ገና በሰማይ ሳለ «ከዜሮ በታች 8 ጫማ» ይል ነበር፤ ይኸውም አይሮፕላኑ ከምድር በታች 2 ሜትር ተኩል ያህል ገብቷል እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ቢወጣ ሰሚው ሁሉ በሳቀ ነበር። መሣሪያ ግን አይሥቅም፤ የሰጡትን ቍጥር ይቀበላል። የሞተሩን ኃይል የሚያዝዘው መሣሪያ ደግሞ የሚሰማው የግራውን መለኪያ ብቻ ነበር። አይሮፕላን ከመሬት ጥቂት ሜትር ሲቀረው ሞተሩ እንዲቀንስ የታዘዘ ነውና፣ ይህ መሣሪያ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሳለ ደርሰናል ብሎ የሁለቱን ሞተሮች ኃይል እስከ መጨረሻው ዝቅታ ቀነሰ።

ከዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። አይሮፕላኑን በቁልቁለቱ መሥመር የሚመራው አውቶ ፓይለት የቀኙን መለኪያ ይሰማ ነበር፤ እርሱም ትክክለኛ ነበር። እንግዲህ አንዱ ታዛዥ «አርፈናል» ብሎ ኃይል ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ታዛዥ «ገና ነን» ብሎ አይሮፕላኑ ከመሥመሩ እንዳይወርድ አፍንጫውን ቀና፣ ቀና ያደርጋል። ኃይል በሌለው አይሮፕላን አፍንጫው ቀና ባለ ቍጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሁለቱም የታዘዙትን በትክክል ፈጸሙ፤ አንዱ የሌላውን የሚጠይቅበት መንገድ ግን አልነበረም።

አብራሪዎቹስ ለምን አላስተዋሉም? ቀደም ሲል ጎማው አልወረደም የሚል የማስጠንቀቂያ ድምፅ በከንቱ ተደጋግሞ ተሰምቶ ነበር፤ ካፒቴኑም ምክንያቱ የሬዲዮ ከፍታ መለኪያው መሆኑን ተናግሯል። ነገር ግን ይኸው መለኪያ የሞተሩን ኃይል እንደሚያዝዝ በዚያች ሰዓት አላሰቡትም። ከዚህም ሌላ ወደ ማረፊያው በአጭሩ ስለ ተመሩ የቁልቁለቱን መሥመር ያገኙት ከላይ ሆነው ነው፤ ከላይ ወርዶ መሥመሩን ለመያዝ ደግሞ ሞተር መቀነስና ፍጥነት ማብረድ የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ስሕተት የራሳቸውን ፈቃድ መስሎ ታያቸው። ስሕተት ከሁሉ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው እኛ የምንጠብቀውን ነገር መስሎ ሲመጣ ነው። በሥራ ብዛት ተጣድፈው የማረፊያውን የምርመራ ዝርዝር ሲያነቡ የፍጥነት መለኪያውን የሚመለከት ዓይን ጠፋ። በሰዓት 267 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሆን የተወሰነው ፍጥነት ወደ 200 ወረደ።

ከመሬት 140 ሜትር ያህል ሲቀራቸው መሪው በእጃቸው ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ይህም ክንፉ አየሩን ይዞ መሸከም ሊሳነው ነው የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ረዳት አብራሪው የሞተሩን ኃይል ጨመረ፤ ካፒቴኑ መሪውን ከእርሱ ተረከበ። በዚያች የርክክብ ቅጽበት የኃይሉ መሣሪያ አልተዘጋም ነበርና የተጨመረውን ኃይል መልሶ ቀነሰው። እንደ ገና ኃይል እስኪሰጥ ድረስ 9 ሴኮንድ ያህል አለፈ። ከፍታውም አልበቃም። አይሮፕላኑ ከመንደርደሪያው 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲቀረው በታረሰ ማሳ ላይ ወደቀ። ሦስቱን አብራሪዎች ጨምሮ 9 ሰዎች ሞቱ።

የኔዘርላንድስ የደኅንነት ቦርድ በ2002 ዓ. ም. (በ2010) ያወጣው የምርመራ ውጤት ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ገልጿል። ይህ ብልሽት በዚያው አይሮፕላን ላይ ከአደጋው በፊት በነበሩት 8 ማረፊያዎች 2 ጊዜ ደርሶ ነበር። በሁለቱም ጊዜ የነበሩት አብራሪዎች አስተውለው ኃይሉን በእጃቸው አዘዙ፤ በሰላምም አረፉ። የመለኪያው ችግር በሌሎችም አይሮፕላኖች ላይ የታወቀ ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚያሰለች የጥገና ጉዳይ ተብሎ ተያዘ እንጂ የሰው ሕይወት ጉዳይ ተብሎ አልታየም። ብዙ ጊዜም በመዝገብ አልተጻፈም። አንድ አብራሪ በራሱ ብልሃት ያለፈውን እንቅፋት ጽፎ ካላስተላለፈ፣ ብልሃቱ ከእርሱ ጋር ከአይሮፕላኑ ይወርዳል፤ እንቅፋቱ ግን ለሚቀጥለው ሰው በቦታው ይጠብቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ያገራችን አነጋገር የተነገረው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ይህን የምንናገረው ከሩቅ ሆነን አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ. ም. (በ2019) ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቍጥር 302 በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያ በፊት በጥቅምት ወር በኢንዶኔዥያ በተመሳሳይ አይሮፕላን 189 ሰዎች ሞተው ነበር። እነዚህ አደጋዎች የደረሱት በመነሣት ላይ እንጂ በማረፍ ላይ አይደለም፤ አፍንጫውን ወደ ታች የደፋው መሣሪያም አውቶ ፓይለት አልነበረም። ነገር ግን ሥሩ አንድ ነው። አይሮፕላኑ የነፋሱን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መለኪያዎች ሳሉት ያ መሣሪያ የሚያምነው ባንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነበር፤ ያ አንዱ በተሳሳተ ጊዜ ሁለተኛውን የሚጠይቅበት መንገድ አልተሠራለትም። ሁለቱን መለኪያዎች እንዲያነጻጽር ተደርጎ የታረመው ከሁለቱ አደጋዎች በኋላ ነው። በአምስተርዳም ከወደቀው አይሮፕላን እስከ ቢሾፍቱው ድረስ 10 ዓመት አልፏል፤ ሁለቱም ቦይንግ 737 ነበሩ።

አባቶቻችን «ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ሲሉ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የትራይደንት መሐንዲሶችም በዘመናቸው ይህንኑ ተገንዝበው ሦስት ተመሳሳይ መሣሪያዎችን ጐን ለጐን አሠሩ፤ አንዱ ከሁለቱ ሲለይ ሁለቱ ይበልጡትና ይወገዳል። ብልሃቱ ከተገኘ እንግዲህ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የጐደለው ዕውቀት አልነበረም፤ ዕውቀቱን በየስፍራው በሥራ ላይ የማዋል ትጋት ነው።

ይህን ሁሉ የተናገርነው በመሣሪያ መመራትን ለመንቀፍ አይደለም። መሣሪያ አይደክምም፣ አይናደድም፣ በጨለማና በጉም አይደናገርም፤ በየዕለቱ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰው በእርሱ እየተመራ በሰላም ያርፋል። ወደ ኋላ የመመለስ ሐሳብ ያለው ቢኖር በሳሞአ ሌሊት ወይም በአምስተርዳም ጭጋግ ያለ መሣሪያ ማረፍ ምን እንደሚመስል ያስብ። ነገር ግን ሥራው ከእጃችን ወደ መሣሪያው በተላለፈ መጠን፣ የእኛ ድርሻ ተለወጠ እንጂ አልቀረም። ቀድሞ መሪውን መያዝ ነበር፤ አሁን መጠየቅ ነው።

ይህም ለአብራሪ ብቻ የተሰጠ ግዴታ አይደለም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ የሚያሰላው፣ መዝገብ የሚያወጣው፣ ግብር የሚተምነው ኮምፒዩተር ነው። የሚወጣው ወረቀት ንጹሕ ነው፤ ቍጥሩም የተሰለፈ ነው። ከሥር ያለው ሠራተኛ ምልክት አድርጎበታልና የበላዩ ሳያነብ ይፈርማል፤ የበላዩ ይመረምረዋልና ከሥር ያለው ሳይመረምር ምልክት ያደርጋል። ሁለት ፊርማ አለበት፤ አንድም ዓይን ግን አላየውም። በግራው መለኪያ ብቻ ተመርቶ የተጻፈ ደብዳቤ ይሏል ይህ ነው። አይሮፕላን አይወድቅም እንጂ ጡረታው የሚዘገይበት ሽማግሌ፣ ስሟ ከመዝገብ የሚጠፋ መበለት በዚህ ምክንያት ይጐዳሉ።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ መርፌዋ መካከል ላይ ስትቆም «ከምን ጋር አስተያይቼ አመንኋት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ ለባልደረባ ሊነገር የሚገባውን ቃል ሳይጠየቁ መናገር ነው። ሦስተኛ፣ በራስ ብልሃት ያለፉትን ትንሽ ስሕተት ለሚቀጥለው ሰው ጽፎ ማስተላለፍ ነው። እነዚህን ለመፈጸም ከፍ ያለ የምሕንድስና ትምህርት አያስፈልግም፤ ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ድፍረት ይበቃል።

በሚቀጥለው ጊዜ በደመና ውስጥ ሆናችሁ ወደ መሬት ስትወርዱ፣ በፊተኛው ክፍል አንድ ሰው ርቀቱን በ52 ሜትር እያባዛ ከከፍታው ጋር እንደሚያስተያይ አስቡ። ጠዋት ወደ ጠረጴዛችሁ ስትመለሱም ከፊታችሁ የተቀመጠውን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት እንደዚያው አድርጉ።